ረቡዕ የደወለው ሰው

ከማን ጋር ነበር ስነጋገር የኖርኩት። ጣሪያውን እያየሁ ይህንኑ እጠይቃለሁ፤ መተኛት ነበረብኝ፣ ሌሊቱን ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ የእንጨት መስኮቱን ዘግቼ ጫማዬን አውልቄ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ፣ ብርሃኑ ግን በመስኮቱ ርብራብ መካከል እየሾለከ ብርድ ልብሱ ላይ በቀጭን በቀጭኑ ተሰምሯል፣ ከላይ ያለችው ጎረቤት ምንጣፏን የበረንዳው ብረት ላይ አንጠልጥላ ትደበድባለች፣ የረቡዕ ቀትር ነው፣ ሸለቆው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ አላወቀችኝም። እንዲህ ብዬ ስናገረው ልክ ይመስላል፣ ልክ ግን አይደለም፤ ዛሬ አላወቀችኝም ማለት ትናንት ታውቀኝ ነበር ማለት ነው፣ ትናንት ደግሞ አልደወልኩም፣ ከትናንት ወዲያም አልደወልኩም፣ እኔ የምደውለው እሁድ ነው። ስለ ሌላው ቀን የማውቀው ነገር የለም። እንደማላውቅ እንኳ ያወቅሁት ዛሬ ነው፣ ገና ክው እንዳልኩ ነኝ፣ እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

ከቱቦው ልጀምር። ነገር በቅደም ተከተል ካልሆነ አይገባኝም፣ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ፤ እናቴ "ይሄ ልጅ ሾርባ እንኳ ሲበላ መጀመሪያ ካሮቱን፣ ቀጥሎ ድንቹን ነው" እያለች እንግዳ ፊት ትስቅብኝ ነበር። ቱቦው እንዲህ ነው። የኒውክሌር ማብላያ የሚቀዘቅዘው በሚዞር ውሃ ነው፣ ውሃው ከሚሄድባቸው ቱቦዎች አንዱ ደግሞ አግድም የተኛ ነው፤ የዚያን ቱቦ ምስያ ከኢጣሊያዋ ጄኖቫ ጀርባ ባለው በዚህ ጭጋጋም ሸለቆ፣ አሮጌ ፋብሪካ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ሠርተነዋል። በአንዱ ጫፍ ትኩስ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ቀዝቃዛ። ሰው ሁሉ ይቀላቀላሉ ብሎ ያስባል። አይቀላቀሉም። ትኩሱ ቀለል ስለሚል ከላይ ይተኛል፣ ቀዝቃዛው ከበድ ስለሚል ከታች፣ እንደ ዘይትና ውሃ ተነባብረው፣ በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት ወንዝ ሆነው ይፈሳሉ። ድንበራቸው ባለበት ከረጋ ችግር የለም፤ ብረቱ ከላይ ሙቀቱን ከታች ቅዝቃዜውን ለምዶ ይኖራል። ድንበሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ብየዳው ያለበት ቦታ አንዴ ይሞቃል አንዴ ይቀዘቅዛል፣ ሽቦን ወዲያ ወዲህ እያጠፉ እንደሚሰብሩት ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይዝላል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ከውጭ የሚያየው ሰው ደህና ነበር እኮ ይላል። የኔ ሥራ የውሃውን ነውጥ በስሌት መያዝ ነው። የሚናወጥ ውሃን ሽክርክሪት አንድ በአንድ ልከተል ቢሉ ዕድሜ አይበቃም፣ ስለዚህ ትልልቁን እንይዝና ትንንሹን በግምት እንተካለን፣ ግምቱ ላይ የሚጨመሩ የሚቀነሱ ቁጥሮች አሉ፣ ቁጥሮቹን ደግሞ መለኪያዎቹ ከሚሉት ጋር እያስተያየን እናርማለን። ለዚህ ነው አገሬን ለቅቄ የመጣሁት። ለዚህ ነው ሩማንያ ውስጥ ከኦልት ወንዝ ዳር እናቴን ከዶሮዎቿ ጋር ትቼ የመጣሁት።

ንብብር ውሃ መጀመሪያ ያየሁት ግን እዚህ አይደለም። ቅዳሜ ነው፣ በረዶ ጥሏል፣ ምድጃው አጠገብ የቆርቆሮ ገንዳ ተቀምጧል፣ እናቴ ከጉድጓድ የተቀዳውን አፍስሳ ከላዩ የፈላውን ደፋችበት፣ እኔ ገብቼ እጮሃለሁ፣ ደረቴ ተቃጠለ እግሬ በረደኝ እላለሁ፣ እሷ ትስቅና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ገንዳው ሥር ትሰድና ታማስለዋለች፣ "ውሃ በእጅ ካልነኩት አይስማማም" ትላለች፣ ውሃው ወዲያው አንድ ይሆናል። ይህን ለዶክትሬት ስፈተን ልናገረው አስቤ ፈርቼ ተውኩት።

መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ብየዳው ላይ ያለው መለኪያ ለወራት የሰጠን መስመር እንደተወጠረ ክር ነው፣ ድንበሩ ንቅንቅ አይልም። የኔ ስሌት ግን መጀመሪያ ላይ ይወዛወዝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አይደለም፣ ለኦሬስቴ ተናግሬያለሁ። ኦሬስቴ መለኪያዎቹን የሚመራው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ የዚሁ ሸለቆ ልጅ፣ "የኔ ውሃ አርፎ አይቀመጥም" ስለው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ "የኔ ውሃ ጨዋ ነው፣ ያንተን አሳዳጊ የበደለው ነው" አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ስህተቴን መፈለግ ጀመርኩ፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነ አንዴም አልተጠራጠርኩም፣ ሁሉን የምጠራጠረው እኔ ያንን ብቻ አልጠረጠርኩም። የስሌቱን የጊዜ እርምጃ አስረዘምኩ፣ በስሌቱ ውስጥ ውሃውን እንደ ማር ትንሽ አወፈርኩት፣ ውዝዋዜው ከእርማት ወደ እርማት እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ተኛ፣ ስሌቱና መለኪያው ገጠሙ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ አሁን ያሳፍረኛል። አለቃችን ዶክተር ብሩኔንጎ እንደ ጄኖቫ ሰው ደንብ ካላጉረመረሙ ውለው የማያድሩ ሴት ናቸው፣ እዚህ አገር ማጉረምረም መብት ነው፣ ደመወዝ ቢቀነስ ይሻላል ማጉረምረም ከሚከለከል፤ ሁለቱን መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው አዩና ምንም ሳይሉ ሄዱ። "ምንም አላሉም እኮ" አለኝ ኦሬስቴ ኮሪደሩ ላይ፣ "ሂድ ሻማ አብራ፣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና በዚህ ሸለቆ ተሰምቶ አያውቅም።" ዓርብ ከኃይል ማመንጫው የሚመጡት ሰዎች ፊት ቆሜ ያንን ላቀርብ ነበር። ቱቦው ደህና ነው ልል።

ደህና ነኝ። ታቪ ልጄ ደህና ነኝ፣ ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፣ የፕሪሙ ዛፍ ዘንድሮ ፍሬ ይዟል፣ አንተ ብቻ ብላ። ይህ የእሁድ ድምጿ ነው። ከቅዳሴ ተመልሳ ሾርባዋን በልታ ስልኩ አጠገብ የምትሆንበትን ሰዓት አውቃለሁ፣ ስልኬ ላይ ደወል ሞልቼበታለሁ፣ ደወሉ ሲጮህ የትም ብሆን ቆሜ እደውላለሁ፣ አንድ እሁድ አላዛነፍኩም፣ በዚህ እኮራ ነበር፣ ሌሎቹ ስደተኞች ወር ሁለት ወር ይረሳሉ፣ እኔ አልረሳም። ታነሳለች። ደህና ነኝ ትላለች። ስልኩን ዘግቼ አደባባዩ ላይ ካለው ምድጃ ትኩስ የሽንብራ ቂጣ እገዛለሁ፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡኛል፣ ጣቴን እየለበለበኝ እየበላሁ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ሳምንቴን ጨረስኩ እላለሁ።

ትናንት ማታ ኦሬስቴ አዲስ መዝጋቢ መሣሪያ ተበድሮ መጣ፣ ከዓርቡ በፊት ለመልኩ ያህል አንድ ጊዜ እንሞክረው አለ። አሮጌው መዝጋቢ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ የለውም። ያኔ ሲገነባ ኦሬስቴ ራሱ ነው ማሞቂያውን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ቆጣሪ ጋር ያገናኘው፤ "ለአንድ ቱቦ ሁለት ሰዓት ምን ያደርጋል" ብሎ፣ እዚህ አገር የተጣለ ቡሎን አንስቶ ኪሱ የማይከት ሰው የለም፣ ማንም ትክክል ነህ ሳይለው ሁሉም ትክክል ነው ብሎ አለፈ። ስለዚህ ማሞቂያው ይበራል፣ ትኩሱ ውሃ ይበዛል፣ ድንበሩ ወደ ታች ይገፋል፤ ማሞቂያው ይጠፋል፣ ድንበሩ ተመልሶ ይነሳል፤ ልክ ተነስቶ ሲጨርስ ያው ቆጣሪ መዝጋቢውን ይቀሰቅሰዋል፣ መዝጋቢው ዓይኑን ገልጦ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይጨፍናል። ዥዋዥዌ የምትጫወት ልጅ ጫፍ ላይ ስትደርስ ብቻ ዓይኑን የሚገልጥ ሰው ልጅቷ አየር ላይ ቆማለች ብሎ ይምላል። እኛ ማልን። አዲሱ መሣሪያ ዓይኑን አይጨፍንም። ስክሪኑ ላይ መስመሩ መጋዝ ሆኖ ወጣ። ኦሬስቴ "ገመዱ ላልቷል" ብሎ ገመዱን ቀየረ፣ መጋዝ ነው። መለኪያውን ቀየረ፣ መጋዝ ነው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "አንተ ሩማንያዊ" አለኝ፣ ቀልድ የለበትም፣ "ያ ባለጌ ውሃህ፣ መጀመሪያ የነበረው፣ አለህ ወይስ ሰርዘኸዋል?" አልሰረዝኩትም፣ ምንም ነገር አልሰርዝም፣ ከፈትኩት፣ የኔ መጋዝና የእሱ መጋዝ ጎን ለጎን ሆኑ፣ ጥርስ በጥርስ ገጠሙ። ትክክል ነበርኩ። ትክክል እንደነበርኩ ሳይ የተሰማኝ ደስታ አይደለም፤ አንድ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ስንት ጊዜ ሲያየኝ ቆይቶ መብራት ሲበራ ያገኘሁት ያህል ደነገጥኩ።

ጠዋት ቡና ቤቱ ባንኮ ላይ ቆመናል፣ ኦሬስቴ ጨው የተነሰነሰበትን ፎካቻ ዳቦ ካፑቺኖው ውስጥ እየነከረ ይበላል፣ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ሰው ሲያይ የሚያስመልሰው ልማዳቸው ነው፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ዶክተር ብሩኔንጎ ገቡ። ኦሬስቴ ነገራቸው፤ ሰዓት ቆጣሪውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ጀመረ፣ ሲጨርስ ቡናው ቀዝቅዟል። ማጉረምረም ጠበቅን፣ አላጉረመረሙም፣ ይህ ከሁሉ ይብስ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። "ያንተ ስሌት አሳይቶህ ነበር?" "አሳይቶኝ ነበር።" "ለምን አጠፋኸው?" "ስህተት መስሎኝ።" "የማን?" "የኔ።" ስኳሩን አማሰሉ፣ አማሰሉ። "ሁልጊዜ ያንተ ነው እንዴ ልጄ፣ አንዳንዴ ለሌላውም ተውለት እንጂ" አሉ። ከዚያ ለኦሬስቴ "አንተ ደግሞ ለራስህ ሁለተኛ ሰዓት ግዛ፣ በኔ ሒሳብ" አሉት፣ ለኔ "ዓርብ መጋዙን ታሳያቸዋለህ፣ እኔ አጠገብህ ነኝ። አሁን ሂድና ተኛ" አሉኝ። ወጣሁ። ከቡና ቤቱ ደረጃ ሥር ቆምኩ። ቀጥ ያለ ነገር መስማት አማረኝ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ አንድ የማይወዛወዝ ድምፅ፣ እና ረቡዕ መሆኑን ሳላስብ ወደ ቤት ደወልኩ።

ብዙ ጠራ። ሲነሳ ትንፋሽ ብቻ ነው። "እማ" አልኩ፣ "እኔ ነኝ።" "እኔ ማን?" "ታቪ ነኝ።" በስተጀርባ ሬዲዮ የለም፣ ዶሮ የለም፣ ምንም የለም። "ታቪ እሁድ ነው የሚደውለው" አለች፤ ድምጿ የሷ ነው፣ ግን እንደዚህ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ለቆመ ነጋዴ እንደሚናገሩት። "አንተ ማን እንደሆንክ እንጃ። መስመሩን አትያዝብኝ፣ ልጄ ሊደውል ይችላል።" እኔ ምን አልኩ? እዚህ ላይ በትክክል ልናገር፣ ያልኩት ይህንን ነው፤ "ይቅርታ እናት፣ ተሳስቼ ነው።" ይህን አልኩና ዘጋሁት። ቁጥሩን አየሁት። ቁጥሩ ልክ ነው። እናቴ አላወቀችኝም፣ እኔ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ፣ ቡና ቤቱ በር ላይ ሰዎች እየገቡ እየወጡ፣ አንዱ "ደህና አደርክ" አለኝ፣ "ደህና" አልኩት።

የእትዬ ኢፍቲሚያን ቁጥር የያዝኩት ለክፉ ቀን ብዬ ነው፣ የግቢያችን አጥር ተጋሪ ናቸው፣ እንደ አክስት ያሳደጉኝ። "ረቡዕ እኮ ነው" አሉ ገና ሲያነሱ፣ "ምን ሆነህ ነው?" እናቴ አላወቀችኝም አልኳቸው። ዝይ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ሒድ ከዚህ አሉት ዝይውን። "እንግዲህ ደረስክበት" አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩ። "እሱን እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ ድስት ማሳረር ነበር፣ ሳቅን። ቀጥሎ ዶሮዎቹን ደጋግማ መመገብ፣ ወፈሩ፣ ሳቅን። ከዚያ የአባትህን ካፖርት አውጥታ በር ላይ ትሰቅል ጀመር፣ ከመስክ ሲመጣ ይበርደዋል ብላ። ያኔ አልሳቅንም።" አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እሁድ ግን፣ አልኩ፣ እሁድ እሁድ ግን እኮ። "እሁድ ሌላ ሰው ናት። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ስትሰማ ትነቃለች። ቅዳሴውን በቃሏ ትለዋለች፣ ቄሱ ይሳሳታል እሷ አትሳሳትም። ይዣት እመጣለሁ፣ ሾርባዋን አበላታለሁ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ስለ ዶሮዎቹ ንገሪው፣ ስለ ፕሪሙ ንገሪው፣ ብላ በይው እላታለሁ። ትችለዋለች። ስልኩን ስትዘጋ እንቅልፍ ድፍት ያደርጋታል፣ ቀኑን ሙሉ እንዳጨደ ሰው።" ለምን አልነገሩኝም እትዬ። "በእመቤታችን ሥዕል ፊት አስምላኛለች፣ ልቧ ሳይሸሽ። ታቪ ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ መጥቶም ጥፋቱ የኔ ነው እያለ ያልቃል አለችኝ።" ዝይውን እንደገና አባረሩ። "ደግሞም" አሉ። ደግሞም ምን? "ደግሞም በሌላ ቀን ደውለህ አታውቅም። በክፋት አይደለም የምለው። ሰዓትህን የምታከብር ልጅ ነህ።"

ሰዓትህን የምታከብር። ከላይ ያለችው ጎረቤት ምንጣፉን መደብደብ አቁማለች፣ አሁን ዝምታው ነው የሚደበድበኝ። ስህተቱን እፈልጋለሁ፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ እሁዶቹን አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ዶሮዎቹ፣ ፕሪሙ፣ ብላ፤ ደህና ነኝ፣ ዶሮዎቹ፣ ፕሪሙ፣ ብላ፤ ፕሪም በብርድ ወራት ይይዛል እንዴ፣ በረዶ ላይ ፕሪም ይዟል ስትለኝ እንዴት አልሰማሁም፣ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼ የአምናውን ማለቷ ነው ብያለሁ። በፋሲካ ኒኩ ብላ ጠርታኛለች። ኒኩ የሞተ ወንድሟ ነው። መስመሩ ይንኮሻኮሻል ብዬ አለፍኩት፣ ስልክ ቀየርኩ፣ እውነቴን ነው፣ የተሻለ ስልክ ገዛሁ። አወፈርኩት። የሚወዛወዘውን ነገር ሁሉ እስኪተኛ አወፈርኩት። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኗን እንደ ጤና ቆጠርኩት፣ ሰው ግን አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ጤነኛ ሰው ያጉረመርማል፣ አንድ ቀን ወገቤን ይላል ሌላ ቀን የጎረቤት ዝይ ይሰድባል፣ ዶክተር ብሩኔንጎ ምንም ሳይሉ ሲሄዱ መደንገጥ ነበረብኝ እንጂ ሻማ ማብራት አልነበረብኝም። ማክሰኞ ምን ትሆናለች? ሐሙስ ሲመሽ ማን ናት? ካፖርቱን ሰቅላ በሩን እያየች ስትቀመጥ እኔ እዚህ ስለ ብረት ድካም እጽፍ ነበር፣ ብረቱ ውስጥ ውስጡን እንደሚዝል፣ በጥሩ ዓረፍተ ነገር።

ፋኔ ጋ ደወልኩ። ፋኔ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሚኒባሱን አቁሞ የሩማንያዊውን ሁሉ ዕቃና ሰው ወደ አገር የሚያመላልስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቦታ አለ ወይ አልኩት። "ለሰው ነው ለዕቃ?" "ለሰው።" "ዕቃ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ዕቃ መስኮት ክፈት አይልም። በል ፊት አስቀምጥሃለሁ፣ ከአይቡ ጎን። እሁድ ለምሳ እናትህ ጋ ነህ።" እሁድ ለምሳ። አመሰገንኩት፣ ዘጋሁ፣ ትንሽ ቀለለኝ፣ ዓርብ መጋዙን አሳያለሁ፣ ቅዳሜ እሳፈራለሁ፣ ነገሩ ቅደም ተከተል ያዘ። ግን እስከዚያ ሐሙስ አለ። እስከዚያ የዛሬው ከሰዓት አለ። አዲሱ መሣሪያ ዓይኑን አይጨፍንም። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ፣ እግሬን ወለሉ ላይ አወረድኩ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ እና ደወልኩ፤ ስደውል ታቪ ነኝ ልላት ነበር፣ በዝግታ፣ እስክትሰማ፣ ደጋግሜ።

"ሃሎ" አለች። ታቪ ነኝ ብላት ታቪ እሁድ ነው ትለኛለች፣ መስመሩን አትያዝብኝ ትላለች፣ ይህን ሁለተኛ መስማት አልችልም። "ጤና ይስጥልኝ እናት፣ ጠዋት በስህተት የደወልኩት ሰው ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።" አንቱ አልኳት፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ለዚህ ብለህ ደወልክ?" ድምጿ ሞቅ አለ። "አሳዳጊህ ይባረክ። የዛሬ ልጅ የት ይቅርታ ያውቃል። ከየት ነው?"

"ከኢጣሊያ።"

"ልጄም እዚያ ነው። ውሃ ያጠናል።"

"ምን ዓይነት ውሃ?"

"የማይቀላቀል ውሃ አለ ይላል። አለቆቹ ብዙ የተማሩ ናቸው አሉ፣ ግን ገንዳ ውስጥ እጅ መስደድ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ውሃ በእጅ ካልነኩት አይስማማም። እኔ ነኝ ያሳየሁት፣ ይቺን ታህል ሆኖ ሳጥበው። እግሬ በረደኝ ብሎ ሲጮህ መንደሩ ይሰማ ነበር።" ሳቀች። እግሬን ከወለሉ ላይ አነሳሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አልኳት።

መልሱን አውቃለሁ፣ ዶሮዎቹ፣ ፕሪሙ። አልመጣም። "ለማላውቀው ሰው ልንገርህ" አለች። "ደህና አይደለሁም። ነገር ይጠፋኛል። ጠዋት የገዛ ማድቤቴ ውስጥ ቆሜ የማን ቤት ነው አልኩ። ባለቤቱ መጥቶ ምን ትሠሪያለሽ ቢለኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። በር ቆልፌ እንደቆለፍኩ እረሳለሁ፣ ልቆልፍ ስሄድ ከፍቼው እመለሳለሁ። ሰውም ይጠፋኛል፣ ፊቱ ይመጣል ስሙ አይመጣም፣ ስሙ ይመጣል ፊቱ አይመጣም።"

"ለልጅዎ ነግረውታል?"

"ምን ብዬ? እሁድ ሲደውል ድምፁ ተጎትቶ ነው የሚመጣው። ደህና ነኝ ስለው ኡፍ ይላል። የምሰማው አይመስለውም፣ እኔ ግን የምጠብቀው ያቺን ትንፋሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሷን ነው የምጠብቃት። እና እንዴት ብዬ ልከልክለው?"

ትንፋሼን ያዝኩ። እኔ እሷን ስለካ እሷም እኔን ስትለካ ኖራለች፣ የሷ ደግሞ አልተሳሳተም። አንድ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ሌላ ነው፤ "እሁድ በመንደርዎ አልፋለሁ፣ በሚኒባስ።"

"እንግዲህ ና፣ የሰው በር ዝም ተብሎ አይታለፍም። እሁድ ሾርባ አለ፣ ኢፍቲሚያ ናት የምትሠራው፣ ጨው ታበዛለች እንጂ እጇ ይጣፍጣል።"

"እመጣለሁ።"

"አንድ ነገር ግን አለ" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምታካፍለኝ። "ስልኩ ሲጮህ ዝም ትላለህ። ማንኪያህን ታስቀምጣለህ፣ አትስልም፣ ምንም። የሚደውለው ልጄ ነው፤ የወንድ ድምፅ ከሰማ ማን ነው እያለ ሲጨነቅ ይሰነብታል፣ አውቀዋለሁ።"

"ዝም እላለሁ" አልኳት። እሁድ ግን ማን ይደውልላታል።